በዓይን የማይለየው ብናኝና የስድስቱ ከተሞች ጥናት

በማገዶ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በወጥ ቤቱ ግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ በሚገባው የጠዋት ፀሐይ ጨረር ውስጥ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ወዲያና ወዲህ የሚንሳፈፍ፣ ነጠላ ነጠላውን በዓይን ልንከተለው የምንችል ብናኝ ነው። ሁለተኛው ጨረሩን ሰማያዊ ቀለም የሚያለብሰው፣ ቅንጣቱ ግን አንድ በአንድ የማይለየው ጭስ ነው። ጭሱ የሚሰማየው ቅንጣቶቹ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ስለሚያንሱ ሲሆን፣ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ አብልጠው ይበትናሉ። እናቶቻችን በየቀኑ ከዕቃ ላይ የሚወለውሉት የመጀመሪያውን ነበር። የሳንባና የልብ ሕመም ሲነሣ ግን ዋናው ተጠያቂ ሁለተኛው ነው።

ይህ ዛሬ የታወቀ ጉዳይ ቢመስልም የአንድ አገር ሕግ ሆኖ እስኪጸና ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ታሪክ በአጭሩ ማውጋት ነው። (ዓመታቱ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ መጠን ጥቂት እንበል። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው። በጸጥተኛ አየር ውስጥ 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያላት ቅንጣት አንድ ሜትር ለመውረድ ከአምስት ደቂቃ ትንሽ ትበልጣለች። ባለ 2.5 ማይክሮሜትሯ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ባለ አንድ ማይክሮሜትሯ ደግሞ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። የመውደቂያ ፍጥነት ከስፋቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያያዝ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ትልልቆቹ ቅንጣቶች በአፍንጫና በጉሮሮ መታጠፊያ ላይ ከአየሩ ጋር መታጠፍ አቅቷቸው ከግድግዳው ይላተማሉ። ትንንሾቹ ግን አየሩ በሄደበት ሄደው የሳንባን የመጨረሻ ከረጢቶች ይደርሳሉ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲንር፣ አሜሪካ ሰልፈር ወደበዛበት የድንጋይ ከሰል ትመለሳለች የሚል ሥጋት ተፈጠረ። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤንጃሚን ፌሪስና ፍራንክ ስፓይዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር ስድስት ከተሞችን መረጡ፤ እነዚህም ዋተርታውን፣ ሃሪማን፣ ሴንት ሉዊስ፣ ስቱበንቪል፣ ፖርቴጅና ቶፒካ ናቸው። ከ1974 ጀምሮ የ8,111 ጎልማሶችን ዕድሜ፣ የማጨስ ልማድ፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ሁኔታ መዝግበው ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታተሏቸው። የሰው ጤና ሲመዘገብ አየሩም በየከተማው ይለካ ነበር።

በእኔ እምነት የጥናቱ ወሳኝ እርምጃ እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የተለመደ አሠራር በአየር ውስጥ ያለውን ብናኝ በሙሉ በአንድ ማጣሪያ ወረቀት ላይ መሰብሰብና መመዘን ነበር። ታዲያ ከመንገድ የተነሣ አንድ የአፈር ቅንጣት በክብደት ሺህ የጭስ ቅንጣቶችን ይበልጣልና ሚዛኑ የሚናገረው ስለ አፈሩ ብቻ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ በኋላ የተጠቀሙበት መሣሪያ ግን በፍጥነት የሚገባውን አየር በድንገት ያሳጥፈዋል። ኩርባ ላይ በፍጥነት የደረሰ ከባድ መኪና መንገዱን እንደሚስት ሁሉ ትልልቆቹ ቅንጣቶች በቀጥታ ያልፋሉ፤ ትንንሾቹም ከአየሩ ጋር ታጥፈው በሌላ ማጣሪያ ላይ ያርፋሉ። የኒውተን አንደኛ ሕግ በሕዝብ ጤና ላይ ይህን ያህል ድርሻ ያለው መሆኑን በክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ልኬቱ ቀላል እንዳልሆነ በዶክትሬት ትምህርቴ ዘመን በራሴ ላይ ደርሶ አይቻለሁ። አንድ መሣሪያ በቀን 24 ሜትር ኩብ አየር ሲስብ፣ በሜትር ኩብ 20 ማይክሮግራም ብናኝ ቢኖር፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። እኔ ደግሞ የአንድ ሳምንት ማጣሪያዎችን እርጥበቱ ባልተስተካከለ ክፍል መዝኜ፣ ከአየር ላይ ብናኝ ሳይሆን የክፍሉን እንፋሎት ስለካ ከርሜ ነበር። ሥራው ሁሉ እንደገና ተጀመረ።

የስድስቱ ከተሞች ውጤት በዳግላስ ዶኬሪ መሪነት ተዘጋጅቶ በዲሴምበር 1993 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው የብረታ ብረት ከተማ በስቱበንቪል የደቃቁ ብናኝ አማካይ መጠን በሜትር ኩብ 29.6 ማይክሮግራም፣ በዊስኮንሲኗ ትንሽ ከተማ በፖርቴጅ ደግሞ 11 ነበር። ማጨስና ሌሎች ልዩነቶች በስሌት ከተስተካከሉ በኋላ የስቱበንቪል የሞት መጠን ከፖርቴጅ በ26 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህ ማለት ከመቶ ሰው 26ቱን አየሩ ገደላቸው ማለት አይደለም። በፖርቴጅ 100 ሰዎች በሚሞቱበት ጊዜ፣ በዕድሜም በልማድም ከሚመስሏቸው እኩል ቁጥር ካላቸው የስቱበንቪል ነዋሪዎች 126 ይሞታሉ ማለት ነው። ስድስቱ ከተሞች በደቃቁ ብናኝ መጠን ሲደረደሩ ነጥቦቹ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋሉ፤ በጠቅላላው ብናኝ ሲደረደሩ ግን ይበታተናሉ።

በ1995 ከ550,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት በተመሳሳይ አቅጣጫ መሰከረ። በ1997 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለደቃቅ ብናኝ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ማለትም በዓመት አማካይ 15 ማይክሮግራም፣ አወጣ። ወጪው የሚነካቸው ኢንዱስትሪዎች ግን ጥሬ መረጃው ለሁሉም ይከፈት ሲሉ ተነሡ። ጥያቄው በሳይንስ ዓይን ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ስድስት ነጥብ ብቻ ባለው መስመር ላይ ተመሥርቶ አገር አቀፍ ሕግ ሲወጣ መጠራጠር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተሳታፊዎቹ ስለ ጤናቸው የተናገሩት ምሥጢራቸው እንዲጠበቅ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። በትንሽ ከተማ ውስጥ ዕድሜውና የሞተበት ቀን የታወቀ ሰው፣ ስሙ ባይጻፍም፣ ማንነቱ አይሰወርም።

መፍትሔው የተገኘው ከሦስተኛ ወገን ነው። ግማሽ ገንዘቡን ከኤጀንሲው፣ ግማሹን ከመኪና አምራቾች የሚያገኘው የጤና ውጤቶች ኢንስቲትዩት መረጃውን በምሥጢር ተረክቦ፣ በካናዳዊው ዳንኤል ክሬውስኪ የሚመራ ገለልተኛ ቡድን ሁሉንም ከመነሻው እንዲያሰላው አደረገ። በ2000 የወጣው ውጤት 28 በመቶ ሆነ፤ ከመጀመሪያው ብዙም አልራቀም። በፌብሩዋሪ 2001 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኤጀንሲው የአየር ደረጃ ሲያወጣ ሊመለከት የሚገባው ጤናን እንጂ ወጪን እንዳልሆነ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። መረጃቸው ያልተከፈተ ጥናቶችን ከሕግ ማውጣት ሥራ የሚያገልል ደንብ በጃንዋሪ 2021 ወጥቶ በሳምንታት ውስጥ በፍርድ ቤት ተሽሯል። የዓመቱ ደረጃም በ2012 ወደ 12፣ በ2024 ወደ 9 ዝቅ ተደርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ 5 ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ቀዝቃዛ ይሆናል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ አይነሣም፤ የማገዶውና የመኪናው ጭስም ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ እንደ ክዳን ከተደፋበት አየር በታች ይቆያል። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የቆየው፣ ኅዳር 12 ቆሻሻ አቃጥሎ ከተማዋን የማጠን ልማድም ከነዚሁ ሌሊቶች ጋር ይገጥማል። ልማዱ ቆሻሻ በሽታ ያመጣል ከሚል ትክክለኛ ሐሳብ የመጣ የሕዝብ ጤና እርምጃ መሆኑን አልክድም፤ የሚፈጥረው ጭስ ግን በአብዛኛው ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ነው።

ከ2016 ጀምሮ የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲስ አበባ የደቃቅ ብናኝ መጠን በየሰዓቱ ሲለካና ለሕዝብ ሲያሰራጭ ቆይቶ ነበር። በማርች 2025 የአሜሪካ መንግሥት በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚሰራጨውን ይህን መረጃ አቋረጠ። በሌላ አገር በጀት ላይ የተመሠረተ ልኬት ሊቋረጥ እንደሚችል አስቀድሞ መገመት ነበረብን።

ዛሬ በርካሽ የሚገዙ ትንንሽ መለኪያዎች አሉ። አሠራራቸው ያው የወጥ ቤቱ ጨረር ነው፤ የሌዘር ብርሃን በቅንጣቶቹ ላይ ይወድቃል፣ የተበተነው ብርሃንም ይቆጠራል። እርጥበት ሲበዛ ቅንጣቶቹ ውኃ ጠጥተው ስለሚያብጡ መለኪያው ከእውነቱ አብልጦ ያነባል። ስለዚህ በክረምትም በበጋም ለጥቂት ሳምንታት ከሚመዘን ማጣሪያ ጎን ተቀምጦ መስተካከል አለበት። የፋኩልቲያችን ጣሪያ ለዚህ ምቹ ነው፤ ሚዛኑም አለን፤ የጎደለን ማጣሪያውን በየማለዳው የሚለውጥ ሰው ነው።