ጉድጓድ ሁሉ አንድ አይደለም

ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ መልክዓ ምድርን ማየት ያስደስታል፤ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ በማውቃት ጉንችሬና በዙሪያዋ ባለው የጉራጌ ደጋ መሬቱ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ሥሪት ነው። ከቡታጅራ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ የተኛበት ክብ ጉድጓድም በፍንዳታ የተፈጠረ ነው።

የኖራ ድንጋይ አገር ጉድጓድ አፈጣጠሩ ይለያል። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በስንጥቆች እየሰረገም ድንጋዩን በብዙ ሺሕ ዓመታት ያሟሟዋል። ስንጥቁ ሰፍቶ ዋሻ ይሆናል፤ ጣሪያው ሲደረመስ ደግሞ ላዩ ላይ ጉድጓድ ይታያል። ዋሻ አሳሾች ከከፍታ ላይ ሆነው የሚፈልጉት ይህንኑ ምልክት ነው፤ ክብ ስርጉድ፣ ድንገት የሚጠፋ ጅረት፣ ከገደል ሥር የሚፈልቅ ምንጭ።

በአገራችን የዚህ ዋነኛ ምሳሌ የባሌው ሶፍ ዑመር ነው። የዌብ ወንዝ ኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ አሳሾች ያጠኑት የዚህ ዋሻ መተላለፊያዎች ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ።

ጉዳዩ ለጎብኚ ብቻ የሚተው አይደለም። አፈር ውኃን ያጣራል፤ የዋሻ መተላለፊያ ግን አያጣራም። በኖራ ድንጋይ አገር ጉድጓድ የተጣለ ቆሻሻ ወይም የሞተ ከብት መርዙ በቀናት ውስጥ ከታች ካለው ምንጭ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከጉራጌ ደጋ ተነሥቶ ባሌ የሚመደብ መሐንዲስ ወይም የጤና ባለሙያ፣ የመጸዳጃ ቦታ ከመምረጡ በፊት የቆመበት ድንጋይ ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።