አውጥና አስተናግርን በማሳ ውስጥ ለይቶ ስለ ማወቅ

በመቱና በኖፓ አካባቢ ባለው ዝናባማ መሬት እንደ ሰብሉ ሁሉ አረምም ፈጥኖ ያድጋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎ ገበሬዎች በኢሉባቦር ሲሰፍሩ፣ እነርሱ አስተናግር የሚሉትን ተክል ነባሩ ሕዝብ አሳንግራ ይለው ነበር። ስለዚህ አረምን በስሙ ብቻ ሳይሆን በመልኩም ማስተዋወቅ ያስፈልጋል።

አውጥ አበባው ትንሽና ነጭ ሲሆን፣ ባለ አምስት ቅጠል ሆኖ መካከሉ ቢጫ ነው። ፍሬው ድቡልቡል ሆኖ በዘለላ ይንጠለጠላል፤ ሲበስል ይጠቁራል። ሕፃናት የበሰለውን ለቅመው ይበሉታል፤ አረንጓዴው ጥሬ ፍሬ ግን መርዛማ ነው።

የአውጥ ዘመድ የሆነው አስተናግር እጅግ የከፋ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ጠርዙ ጥርሳም፣ ሽታው የሚከረፋ፣ አበባው እንደ መለከት ረዥም ነው። እሾሃማው ፍሬ ሲደርቅ ለአራት ተሰንጥቆ ጥቋቁር ዘሮች ይበትናል። ዘሩን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፤ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ይቃዣል። ማብሰል መርዙን አያስወግደውም።

በ2011 ዓ.ም. በኡጋንዳ ካራሞጃ በዚሁ ዓይነት መርዝ የተበከለ የእርዳታ ምግብ ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን አሳምሞ 5 ሰዎችን ገድሏል።

የአስተናግር ዘር ከበቆሎ ስለሚያንስ በወንፊት ይለያል፤ ከማሽላ ጋር ከተወቃ ግን መለየቱ አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም የልማት ሠራተኞች አረሙ ፍሬ ሳይበትን ከሥሩ እንዲነቀል፣ እህልም ከመታደሉ በፊት እንዲመረመር ማድረግ ይገባቸዋል።