የወጣ ሰው ለምን ወዲያው አይድንም?

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በኬንያ ኪሊፊ ካውንቲ፣ ሻካሆላ በሚባል ጫካ የጅምላ መቃብሮች ሲገኙ ዜናው ሁሉ ስለ ሟቾቹ ቁጥር ነበር። ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። ፖል ማኬንዚ የተባለው ሰባኪ ኢየሱስን እንድታገኙ እስክትሞቱ ጹሙ ብሎ ተከታዮቹን አስርቧል ተብሎ ተከሰሰ፤ እሱ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል። ከሁለት ወር በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ከሞት ተርፈው መጠለያ ከገቡት መካከል 65 ሰዎች ምግብ አንበላም አሉ። ሰባኪው ታስሯል፣ ጫካው ርቋል፣ ምግቡ ቀርቧል፣ የሚከለክላቸውም የለም፤ አልበሉም። ዐቃቤ ሕግ ራሳቸውን ለመግደል ሞክረዋል ብሎ ፍርድ ቤት አቀረባቸው።

ሰውን ከእንዲህ ያለ ቡድን ማውጣትና የሰውየው መዳን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። እኛ ግን አንድ አድርገን ነው የምናየው፤ "አንዴ ከወጣህ አሁን ምን ያስጨንቅሃል?" እንላለን። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጄይ ሊፍተን ከቻይና እስር ቤቶች ተለቀው ሆንግ ኮንግ የገቡ ሰዎችን አነጋግሮ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰውን አስተሳሰብ ጠቅልሎ የሚይዝ ቡድን የሚታወቅባቸውን ስምንት መለያዎች ዘርዝሯል። ኑዛዜን መቆጣጠሪያ ማድረግ አንዱ ነው፤ ከእኛ ውጭ ያለ ሰው የመኖር መብት የለውም የሚል ፍርድ ሌላው። በሃይማኖት ስም የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ውስጥ ጥያቄ የሰይጣን ድምፅ ነው፤ ሕመም የእርግማን ምልክት ነው፤ ለመጋቢው በምስጢር የተነገረ ድካም በማግስቱ ከመድረክ መገሠጫ ይሆናል፤ ወዳጅ ሁሉ፣ አንዳንዴም ሥራና ትዳር፣ ከውስጥ ነው። ይህን ለዓመታት የኖረ ሰው ትምህርቱን ማመን ቢያቆም እንኳ ፍርሃቱ አብሮ አይለቀውም። ልጁን ሲያተኩሰው ከመንፈሳዊ አባቱ ሽፋን በመውጣቱ የመጣ ቅጣት ይመስለዋል። ቤት ገብቶ ሰው ሲያጣ፣ አማኞች ወደ ሰማይ የሚወሰዱበት ንጥቀት ሆኖ እኔ ብቻ ቀረሁ ብሎ ልቡ ይመታል። ስለዚህ በጥቅስ ተከራክሮ መርታት አያድነውም። ክርክሩንማ ከራሱ ጋር ተከራክሮ ጨርሶ ነው የወጣው።

ታዲያ የሚያድነው ምንድን ነው? ጁዲት ኸርማን የተባለችው ሐኪም በ1992 ስለ ሥነ ልቦና ጉዳት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ማገገም በደኅንነት እንደሚጀምር፣ ከዚያ የሆነውን መናገርና ለጠፋው ማዘን እንደሚከተል፣ ከሰው ጋር እንደገና መገናኘትም እንደሚመጣ ጽፋለች። እኛ ዘንድ በጣም የሚዘነጋው ማዘኑ ነው። የወጣ ሰው ያጣው መጥፎውን ብቻ አይደለም። አብሮት የዘመረውን ወዳጁን፣ እናቱ ስትታመም አጠገቧ ያደረውን ሰው፣ ምናልባትም ትምህርቱን ትቶ ያገለገለበትን ዕድሜ አጥቷል። ሲያለቅስ "ለእነዚያ አጭበርባሪዎች ታለቅሳለህ?" የሚለው ዘመድ የሚያደርገው ሐዘኑን መቀማት ነው።

ይህ ሁሉ ሃይማኖትን ለመንቀፍ ነው የሚል ይኖራል። ተግሣጽ የሌለው ቤተ እምነት የት አለ፣ ጾምስ ቢሆን የክርስትናና የእስልምና ሥርዓት አይደለም ወይ? ነው። ነገር ግን በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሕፃንና ሕመምተኛ አይገደዱም፤ በእስልምናም መንገደኛና በሽተኛ ፈቃድ አላቸው። በሻካሆላ ክስ መሠረት ግን ሕፃናትም እንዲራቡ ተደርገዋል። ለእኔ መለኪያው ትምህርቱ ጥብቅ መሆኑ አይደለም፤ የጠየቀ ሰው ምን ይደርስበታል፣ የወጣ ሰው እናቱን ማየት ይችላል ወይ የሚለው ነው። የይሖዋ ምሥክሮች ከጉባኤ የተወገዱ አባላትን የሚያርቁበት አሠራር በኖርዌይ ፍርድ ቤቶች ከመንግሥት ጋር ዓመታት የፈጀ ክርክር ያስነሳው በዚሁ ጥያቄ ነው። በ2024 የኦስሎ ፍርድ ቤት ለመንግሥት ፈረደ፤ በ2025 ይግባኝ ሰሚው ለእነሱ ፈረደ። ነገሩ ለዳኞችም ቀላል አይደለም። የራሳቸው ድርጅትም በ2024 ከጉባኤ የተወገደ ሰው ወደ ስብሰባ ቢመጣ አጠር ያለ ሰላምታ እንዲሰጠው ፈቅዷል። ለሰላምታ እንኳ ፈቃድ ማስፈለጉ ብዙ ይናገራል።

ሌላው ሙግት "ይህ በሽታ አይደለም" የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ማርሊን ዊነል የተባለችው የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2011 ለእንዲህ ያለ ሃይማኖታዊ ጉዳት ያወጣችው ስም በይፋዊ የሕመም ዝርዝር ውስጥ የለም። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በሰው ቁጥጥር ሥር ከመኖር የሚመጣው ውስብስብ የሥነ ልቦና ጉዳት የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው ዝርዝር ውስጥ ተካቷል። ስሙ ባይኖርም እንቅልፍ ያጣው ሰው አለ።

እምነቱን መተው አለበት ወይ ለሚለው፣ የለበትም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር፤ ጸሎትና የአእምሮ ሐኪምም እንዲሁ አብረው ይሄዳሉ። የምፈራው የተጎዳውን ሰው ሳያገግም ወደ ሌላ ነቢይ መውሰድን ነው። ፍርሃቱን ክፉ መንፈስ ነው ብሎ በጩኸት ሊያስወጣለት የሚነሳ ሁሉ የቀድሞውን ትምህርት እየደገመለት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ካለ ነግሬህ ነበር አትበሉት። እሁድ ጠዋት ብቻውን አትተዉት፤ ቡና አፍሉና ጥሩት። መናገር ሲፈልግ ሳትፈርዱ አድምጡት፤ እንቅልፍ ካጣ፣ መኖር ካስጠላው ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።