የልጅዎ «ኤ» ምን ይነግርዎታል?

ልጅዎ የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ዓመት ጨርሶ ቤት ገብቷል እንበል። ውጤቱን በስልኩ ያሳይዎታል። ከሳይኮሎጂውና ከሎጂኩ ጎን ኢንተርፕረነርሺፕ የሚል አለ፤ «ኤ»። እርስዎ «ነጋዴ ወልጃለሁ ማለት ነው!» ብለው ሳይጨርሱ፣ እሱ ከጓደኞቹ ጋር ቲሸርት እያሳተመ ለመሸጥ መነሻ ገንዘብ ይጠይቃል። የእቁብ ዕጣዎ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ወጥቶልዎታል።

ያ «ኤ» ብሩን ለመስጠት በቂ ምክንያት ነው?

ዩኒቨርሲቲዎችም በዚህ ጥያቄ ይቸገራሉ። ፈተናው ልጁ ትርጉሙን ማወቁን እንጂ መሸጥ መቻሉን አያሳይም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ተመራቂዎቻቸው የከፈቷቸውን ድርጅቶች ይቆጥራሉ። የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ተመራቂዎቹ አቋቁመዋቸው በሥራ ላይ ያሉ ድርጅቶች 30,000 ገደማ እንደሆኑና 4.6 ሚሊዮን ሰው እንደቀጠሩ ገምቷል። ያስደንቃል። ግን እዚያ የሚማረው ልጅ በሩን ሲያልፍም የተመረጠ ነው፤ ስንቱ የትምህርቱ፣ ስንቱ የልጁ የራሱ እንደሆነ ቁጥሩ አይለይም።

ይህን ለመለየት የሞከረ የኔዘርላንድስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። አንድ ኮሌጅ በሁለት ከተማ ካምፓስ ነበረው። በአንደኛው ተማሪዎች በቡድን ሆነው እውነተኛ ትንሽ ድርጅት ያቋቁማሉ፤ ለዘመድ ወዳጅ አክሲዮን ይሸጣሉ፣ ዕቃ ገበያ ያወጣሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ዘግተው ይበተናሉ። በሌላው ካምፓስ ይህ ትምህርት አይሰጥም። አጥኚዎቹ ሁለቱን ወገን ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ጠይቀው ሲያነጻጽሩ፣ በክህሎት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። የራስን ሥራ የመጀመር ፍላጎትማ ጭራሽ ቀንሶ ተገኘ!

ታዲያ ትምህርቱ ወደቀ? እኔ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት የወጣ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም የፍላጎት መቀነስን አይቷል፤ ትምህርቱ ተማሪው ለንግድ ይሆን እንደሆነ ራሱን እንዲያውቅ እንደሚረዳው ግን አመልክቷል። ንግድ እንደማይሆነው በ20 ዓመቱ ኮሌጅ ውስጥ የተረዳ ልጅ፣ በ30 ዓመቱ የእናቱን ቤት አስይዞ ተበድሮ ከሚረዳው ይሻላል።

እና ብሩስ? ስለ «ኤ»ው ይተዉት። በኮርሱ ጊዜ ለማያውቀው ሰው አንድ ነገር ሸጦ እንደሆነ፣ ስንቱ እምቢ እንዳለው፣ ዋጋውን እንዴት እንደተመነ ይጠይቁት። «ፕሮፖዛል ጽፈን አስገባን» ካለዎት (እኔ ብዙ ጊዜ የምሰማው ይህንኑ ነው) ትምህርቱ ገና አልተጀመረም። የእቁቡን ብር ባንክ ያስቀምጡና የ20 ቲሸርት ማሳተሚያ ብቻ ይስጡት። ማን እንደገዛ፣ ስንት እንደተረፈ፣ ስንት ቲሸርት እጁ ላይ እንደቀረ በደብተር ጽፎ መስከረም ላይ ያምጣ።