ቤት የሚገዛ ሰው ሦስት መንገድ ይሂድ

ደመወዝ መቀበል ከጀመርን ወዲህ በእኛ በወጣቶቹ መካከል የሚነሣው ጨዋታ ተለውጧል። በተማሪነታችን ጊዜ ስለ ፈተናና ስለ ምደባ እንነጋገር የነበርን ሰዎች ዛሬ ሻይ ቤት ስንገናኝ የምንጠያየቀው ስለ ቤት ኪራይ ነው። አንዱ አከራዬ ጨመረችብኝ ሲል፣ ሌላው ልቀቅ ተባልኩ ሲል፣ በመካከል «ታዲያ ለምን ቤት አንገዛም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው መልካም ነው። የሚያስገርመው ግን ጫማ ስንገዛ እንኳ አገላብጠን የምናይ ሰዎች፣ የብዙ ዓመት ቁጠባችንን የሚውጠውን ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ አይተን መዋዋላችን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ መቱ ከተማ በመምህርነት የተመደበ አንድ ወዳጄ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ኢሉባቦር በገባ በአራተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ቡና ተለቅሞ ገበያው በደመቀበት ሰሞን፣ አንድ ደላላ ጣሪያዋ በአዲስ ቆርቆሮ የተከደነ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አሳየው። ዋጋው ከሌላው ይረክሳል። ሻጩ «ካርታው አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ይመጣል» አለው። ወዳጄም አምኖ ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት ገንዘቡን ቈጥሮ ሰጠና በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተፈራረሙ።

በግንቦት ዝናቡ ሲጠና የኋላው ግድግዳ ውሃ አስገባ። በሰኔ ደግሞ የሻጩ ሚስት ከበደሌ መጥታ «ቤቱ የጋራችን ነው፤ ሳላውቅ ነው የተሸጠው» ብላ ከሰሰች። ካርታው እስከዛሬ አልመጣም። ወዳጄ ከምስክሮቹ አንዱን አዛውንት ሄዶ ቢወቅሳቸው፣ «ልጄ፣ ገንዘብ ስትሰጠው አየን ብለን ፈረምን እንጂ ቤቱ የማን እንደ ሆነ መች ጠየቅኸን?» አሉት። ነገሩ ገና በፍርድ ቤት ነው፤ እርሱም ወደ ኪራይ ክፍሉ ተመልሷል።

ከዚህ ነገር የተማርሁት ቤት የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ሦስት መንገድ መሄድ እንዳለበት ነው። አንደኛው ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛው በዝናብ ወደ ቤቱ፣ ሦስተኛው ወደ ገዛ ኪሱ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ከሁሉ ይቀድማል። ምክንያቱም በሀገራችን የሚሸጠው መሬቱ አይደለም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ሰው የሚሸጠው በጕልበቱና በገንዘቡ የሠራውን ቤት ነው። እንግዲህ ገዢው ቤቱ በምን ዓይነት ይዞታ ላይ እንደ ቆመ ካላወቀ ምን እንደገዛ አያውቅም ማለት ነው።

ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ጎሬን እንውሰድ። ጎሬ የቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ የመንግሥት መቀመጫ ለመሆን የበቃች ጥንታዊት ከተማ ናት። እንዲህ ባሉ የቈዩ ከተሞች ቤት የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ቤቱ የግል ነው ወይስ የቀበሌ? በቀበሌ ቤት ለብዙ ዘመን የኖረ ተከራይ ቤቱን እንደ ራሱ ቢያየውም ሊሸጠው አይችልም። ሁለተኛ፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ስንት ናቸው? ከአምስት ወንድማማቾች አንዱ ብቻ ፈርሞ የሸጠው ቤት ከቀሩት ከአራቱ ጋር ክርክር ያመጣል። ስለዚህ በፍርድ ቤት የተሰጠውን የወራሽነት ማስረጃ ማየት ያስፈልጋል።

በከተሞች ዳር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ከገበሬ ላይ በርካሽ ቦታ ገዝቶ በሌሊት ቤት ማቆም በየከተማው የታወቀ ነገር ነው፤ ሕዝቡም «የጨረቃ ቤት» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ገበሬው መሬቱን የመሸጥ መብት የለውም፤ ስለዚህ ገዢው የያዘው ውል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። መንገድ ሲወጣ ወይም ፕላን ሲሠራ ቤቱ ቢፈርስ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሣ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

እንግዲህ ገዢው የካርታውን ቅጅ ከሻጩ ተቀብሎ ራሱ፣ ደላላውን ሳይልክ፣ የከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ድረስ ይሂድ። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ስፋቱ መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር መስማማቱን፣ በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን፣ በከተማው ፕላንም መንገድ የማያልፍበት መሆኑን ይጠይቅ። የኢሉባቦር መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ስለ ሆነ፣ ቋንቋውን ማንበብ የማይችል እንግዳ ሠራተኛ ሻጩ ያመጣለትን ሳይሆን ራሱ የሚያምነውን ሰው ይዞ ያስነብብ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም ሁለቱም ቀርበው ይፈርሙ፤ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በአንዱ ፈቃድ ብቻ አይሸጥምና። ወዳጄ ይህን አንዲት ጥያቄ አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ዛሬ ፍርድ ቤት ባልተመላለሰ ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከጽሑፍም አልፎ ይሄዳል። በቍጥር 1723 እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። በቍጥር 1185 ደግሞ ባለቤትነቱ የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲጻፍ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የሽማግሌዎች ፊርማ ለምስክርነት ቢጠቅምም ቤቱን ወደ ገዢው ስም አያዞርም። ከገንዘቡ ደህና የሆነው ክፍል ስም እስኪዞር ድረስ በገዢው እጅ ወይም በባንክ ታግዶ እንዲቈይ በውሉ ላይ ማስገባት ብልህነት ነው። ቀብድም የተሰጠ እንደ ሆነ በወረቀት ይስፈር፤ በሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ እንዲገባ ደነገገ፤ ለመኖሪያ ቤት የሰጠውም ዘመን 99 ዓመት ነው። እንግዲህ ገዢው ከቤቱ ዋጋ ሌላ በየዓመቱ ለከተማው የሚከፍለው ይኖራል ማለት ነው። ግንባታው ገና ግማሽ ያልደረሰ ጅምር ቤት የሚገዛ ሰውም አዋጁ በእንዲህ ያለው ዝውውር ላይ ልዩ ሥርዓት እንዳበጀ አውቆ አስቀድሞ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቅ።

ሁለተኛው መንገድ በዝናብ ነው። ኢሉባቦር ከሀገራችን እጅግ ዝናባማ ከሆኑት ክፍሎች አንዱ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ያማረ ቤት በሐምሌ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ቤቱን አላየም። ዝናቡ ሲወርድ የላይኛው ጎረቤት ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ፣ የግድግዳው እግር እርጥበት ይሳብ እንደ ሆነ፣ ጣሪያው ያፈስስ እንደ ሆነ መመልከት ነው። በበጋ ለመግዛት የተገደደ ሰው ቀን ገብቶ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ወደ ላይ ቢያይ፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ነገ ውሃ ይገባበታል። አዲስ ኖራ የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካየም ለምን ያ ግድግዳ ብቻ እንደ ተቀባ ይጠይቅ።

የጭቃ ቤት ጠላት ደግሞ ምስጥ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ በጩቤ ጫፍ ቢወጉት፣ ደህና እንጨት ይመልሳል፤ የተበላው ግን ይሰምጣል። የጕድጓድ ውሃ ያለው ቤት ከሆነ ከመጸዳጃው ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካ፤ 30 ሜትር ያህል ቢርቅ ይመረጣል። ከዚያም ጎረቤትን ቡና ጠጥቶ መጠየቅ ነው። ሻጩ የደበቀውን የድንበር ጠብና የውሃ መቋረጥ ጎረቤት በአንድ ስኒ ይነግራል።

ሦስተኛው መንገድ አጭር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አይሄደውም። ይኸውም ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 800,000 ብር በመቶ 15 ወለድ ቢበደር፣ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 120,000 ብር ይሆናል። ይህም በወር 10,000 ብር ነው፤ ዋናው ዕዳ ገና አልተነካም። ይህን ከደመወዙ ቀንሶ፣ ለቀለብ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለወላጅ የሚላከውን ቀንሶ የሚተርፈውን ይመልከት። ባንክም ቢሆን ቤቱን በመያዣነት ለመቀበል የተመዘገበ ካርታ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን መንገድ ያልሄደ ሰው እዚህ ደርሶ ይመለሳል። ከዋጋው በላይ የስም ማዞሪያ ወጪም አለ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ለዚህ ዓይነቱ ዝውውር በመቶ 2 ጥሎ ነበር፤ የወቅቱን ሂሳብ ከከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅና ከጣሪያ ጥገናው ጋር አስቀድሞ መደመር ነው። ቍጥሩ አልገጥም ካለ ሁለት ዓመት መቈየት አሳፋሪ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ባለፈው ክረምት ወዳጄን ልጠይቅ መቱ ሄጄ ነበር። አሁን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ እንደገና መቈጠብ ጀምሯል። በአንድ ቅዳሜ ዶፍ ሲወርድ ጃንጥላ አስይዞ ወሰደኝና አንድ የሚሸጥ ቤት ጓሮ ለጓሮ ስንዞር፣ ባለቤቷ አሮጊት ከበራቸው ብቅ ብለው ሳቁብን።

«ልጆቼ፣ በዚህ ዝናብ ቤት ይታያል? በበጋ ብትመጡ ምን ነበረበት?»

ወዳጄ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «እናቴ፣ በበጋማ አንድ ጊዜ አይቼ ነበር» አላቸው።

ቤቱን ገና አልገዛውም። ሰኞ ጠዋት ግን የካርታውን ቅጅ ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዷል።