የጎረቤት ድርሻ ያለበት የበዓል ማዕድ



በዓል ሲቃረብ የብዙዎቻችሁ ሐሳብ በዶሮው፣ በቅቤውና በሽንኩርቱ ዋጋ ላይ ይውላል። ከሥራ መልስ ገበያ መዞር፣ ሌሊት ሽንኩርት መክተፍ፣ ጠላ መጥመቅና ዳቦ መጋገር ከጥንት ጀምሮ የእናት ሸክም ሆኖ ኖሯል። ይህ ሁሉ ድካም አልፎ ማዕዱ ሲዘረጋ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችሁ ከዚህ ሁሉ ምኑን ትቀምሳለች?

ይህን ጥያቄ አሳምረው የሚያውቁት እንደ አቦምሳ ባሉ ከተሞች የሚኖሩ እናቶች ናቸው። በአርሲ የመርቲ ወረዳ ከተማ በሆነችው አቦምሳ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ ይኖራል፤ ቡና ይጠራራል፤ በሐዘንም በደስታም ይደራረሳል። ይሁን እንጂ የእርድ ሥርዓታቸው የተለያየ በመሆኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ለፋሲካ ብዙ የተደከመበት ዶሮ ወጥም ሆነ ለአረፋ የታረደው በግ አጥሩን አይሻገርም። እንግዳን በሥጋ ማስተናገድ የፈለገ ሰው ዶሮዋን ከነሕይወቷ ሰጥቶ በእንግዶቹ እጅ ታርዳ በእነርሱው ድስት እንድትሠራ ያደርጋል። ይህ ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን በየበዓሉ ለሁሉም ቤት የሚቻል አይደለም።

እንግዲህ የአርሲው ጭኮ ክብሩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጭኮ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከነጠረ ቅቤ የሚሠራ የኦሮሞ ባህላዊ ምግብ ሲሆን፣ ለሠርግም፣ ለበዓልም፣ ለመንገድ ስንቅም ይሆናል። ሥጋ የለበትምና የእርድ ጥያቄ አያስነሳም። ለገና ከክርስቲያኑ ቤት፣ ለኢድ ከሙስሊሙ ቤት በገበቴ ይወጣል፤ ባዶውም ገበቴ ሌላ ነገር ሳይያዝበት አይመለስም።

አሠራሩን ለማታውቁት እነሆ፤ ገብሱ ተለቅሞ፣ ጥቂት ርሶ፣ በሙቀጫ ይሸከሸካል። ገለባው ከተበጠረለት በኋላ በምጣድ እስኪበስል ይቆላል፤ ከዚያም ልሞ ይፈጫል። ጊዜ የሌላት ሠራተኛ እናት ከገበያ የተዘጋጀ የበሶ ዱቄት ብትገዛ ነውር የለውም። ቅቤው በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በመሳሰለው ቅመም ይነጠርና ከተጠለለ በኋላ ለብ እስኪል ይጠበቃል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት በግማሽ ኪሎ ያህል ቅቤ ይጀመርና፣ ጨው ተጨምሮ፣ በእጅ ሲጨበጥ የማይፈርስ እስኪሆን እየታየ ይታሻል። ውሃ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። ሳይበላሽ ለሳምንታት የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቅቤው ስለሚበዛበት ትንሽ ቁራሽ ያጠግባል፤ ስለዚህ አንድ ገበቴ ጭኮ ለብዙ ቤት ይዳረሳል።

የመቆየቱ ጥቅም የሚታወቀው በዓላት ሲገጣጠሙ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ኢድ አልፈጥር የዋለው ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው በመሆኑ፣ ጿሚዋ ክርስቲያን ቅቤ ያለበትን ነገር መቅመስ አትችልም ነበር። ወጥ ቢሆን ኖሮ ይበላሻል። ጭኮ ግን በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ለፋሲካ ይደርሳል። ለዕለቱ ደግሞ ቆሎ፣ ተምር፣ ወይም ወተትና ቅቤ ያልገባበት ዳቦ ይበቃል። ሙስሊም ጎረቤት በጾም ላይ ስትሆንም የሚላክላት ነገር ለማፍጠሪያ ሰዓት ቢደርስ መልካም ነው። ከጠላው ጎን ያልፈላ የማር ብርዝ ማኖር የማትጠጣዋን እንግዳ አለመርሳት ነው።

እናቶችና እህቶች፤ በዓል የሚደምቀው በብድር በተገዛ በሬ ቅርጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አቅም ያነሳት እናት በግማሽ ኪሎ ቅቤ የሠራችው ጭኮ ለሦስትና ለአራት ጎረቤት የሚበቃ ሰላምታ ነው። ሥራውንም ለብቻችሁ አትሸከሙት። ገብሱን መቁላት ወንድ ልጃችሁም ይችላል፤ ማሸቱን ባለቤታችሁ ቢሞክሩት እጃቸው አይጎዳም። ገበቴውን ይዞ ወደ ጎረቤት የሚሄደው ግን ልጅ ይሁን። ለማን ምን እንደሚላክ፣ በጾም ቀን ምን እንደማይላክ፣ በሰው ደጅ እንዴት «እንኳን አደረሳችሁ» እንደሚባል የሚማረው በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ለሚመጣው በዓል የገበያ ዝርዝራችሁን ስትጽፉ፣ ከዶሮውና ከሽንኩርቱ በፊት የጎረቤታችሁን ድርሻ አስቀድሙ።