ዋስ የሌለው ዕቁብ

«ሲንተቲክ ባዮሎጂ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም።» ይህን ከተማሩ ሰዎችም አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉና ኢንሱሊን ጠይቁ። ከማቀዝቀዣው በሚወጣው ብልቃጥ ውስጥ ያለው የሰው ኢንሱሊን ከሰው የተቀዳ አይደለም፤ የሰው ዘረመል የገባለት ባክቴሪያ ወይም እርሾ የሠራው ነው። አሜሪካ ይህን ዓይነት ኢንሱሊን ለገበያ የፈቀደችው በ1975 ዓ.ም. ነበር። ሲንተቲክ ባዮሎጂ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ዘረመልን ከአንዱ ሕያው ወደ ሌላው ከማዛወር አልፎ ዲኤንኤን እንደ ጽሑፍ አርቅቆ በኬሚካል ይሠራል። በየወሩ ኢንሱሊን የሚገዙ እናት ውጤቱን በክንዳቸው ይወጉታል፤ ጉዳዩ የእርሳቸው ነው።

ከዚህኛው የሚብሰው ስሕተት ግን «ሳይንቲስቶች ራሳቸውን ይቆጣጠራሉ፤ አሲሎማር ምስክር ነው» የሚለው ነው።

እውነት ነው፣ በሐምሌ 1966 ዓ.ም. በፖል በርግ የሚመሩ ተመራማሪዎች አንዳንድ የዘረመል ሙከራዎች በፈቃደኝነት እንዲቆሙ ጠየቁ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. 140 ያህል ሰዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲሎማር ላይ ተሰብስበው የጥንቃቄ ደረጃ አወጡ። ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን ያ ስምምነት ጥርስ ያወጣው በዓመቱ የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም መመሪያ አድርጎ ከምርምር ገንዘብ ጋር ሲያስረው ነው። መመሪያውን ያልጠበቀ ገንዘብ ያጣል።

የመርካቶ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዕቁብም ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ዕጣ የወጣለት ገንዘቡን የሚወስደው ግን ዋስ ጠርቶ ነው። ቢክድ የሚጎዱት አባላቱ ራሳቸው ስለሆኑ ሁሉም ዓይኑን አይነቅልም። በሳይንሱ ማኅበር ግን አንዱ ቢሳሳት ዕዳው የሚያርፈው ዕጣ ውስጥ ባልገባ ሰው ላይ ነው።

ፈንጣጣን አስቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ነው። ክትባት ይዘው በእግርና በበቅሎ ተራራ የወጡ ወገኖቻችን የደከሙበት ድል ነው፤ ጠባሳው ፊታቸው ላይ የቀረ አዛውንቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈንጣጣን ዘመድ፣ የፈረስ ፈንጣጣ ቫይረስን፣ አዝዘው ካስመጧቸው የዲኤንኤ ቁራጮች ገጣጥመው እንደ ሠሩ በጽሑፍ አወጡ። ወጪው 100,000 ዶላር ያህል ነበር። ዓላማቸው የተሻለ ክትባት መሥራት እንደሆነ ተናግረዋል፤ የጣሱት ሕግም አልነበረም። ያሳዩት መንገድ ግን ወደ ራሱ ወደ ፈንጣጣም ያደርሳል። ያንን መንገድ መክፈት ይገባል አይገባም ብሎ እነዚያን አዛውንቶች የጠየቀ የለም። ዲኤንኤ ከሚሸጡ ኩባንያዎች የተወሰኑት ማኅበር አቋቁመው ትእዛዙንና አዛዡን ይመረምራሉ፤ ከማኅበሩ ውጭ የሆነውን ግን የማኅበሩ ደንብ አያስገድደውም። ዋስ የሌለው ዕቁብ ማለት ይህ ነው።

«አገራችን ሕግ ስላላት ያሰጋናል ማለት ትርፍ ነው» የሚሉም አሉ። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 አለን፤ በካርታኼና ዓለም አቀፍ የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካን ቡድን የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አሻራ ያለበት ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ ከላላ በኋላ ልውጥ ጥጥ፣ ማለት ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ፣ በ2010 ዓ.ም. ተፈቀደ። ሕጉ ግን የተወለደው ስለ ሰብልና ስለ ልውጥ ሕያዋን ዝውውር ከነበረ ክርክር ነው። በፖስታ የሚመጣ የዲኤንኤ ቁራጭ ደግሞ ሕያው አይደለም።

«ልውጥ የተባለ ሁሉ ይመርዛል» የሚለውን ፍርሃትም አልጋራም። ጅቡቲ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የለቀቀቻቸው ልውጥ የወባ ትንኞች ወንዶች ናቸው፤ አይናደፉም፤ ሴት ልጆቻቸው ሳያድጉ ይሞታሉ። የታለሙበት ስቴፈንሲ የተባለው የከተማ ትንኝ ድሬዳዋም ደርሷል፤ ስለዚህ ነገ ተመሳሳይ ጥያቄ ወደ እኛ ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን አዎ ወይም አይ የሚለው የቤተ ሙከራው ሰው ብቻ እንዳይሆን እፈልጋለሁ። ዲኤንኤ የሚያዝ ቤተ ሙከራ ሁሉ ማን እንደሆነና ምን እንዳዘዘ የሚያስመዘግብ፣ ትንኙ የሚለቀቅበትን ሰፈር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቅ ደንብ፣ ጥያቄው ሳይመጣ ዛሬ ይጻፍ።